የደም ሴል ቁጥር ሲያንስ፦ ከሲቢሲ ወረቀቱ እስከ መንስኤው የሚወስድ ቅደም ተከተል

ሲቢሲ (የደም ሴሎች ሙሉ ቆጠራ) ወረቀት ላይ ቁልቁል የሚያመለክት ቀስት ሲታይ ብዙ ቦታ የሚደረገው ያው ነው፤ ሄሞግሎቢን ካነሰ አይረን፣ ነጭ የደም ሴል ካነሰ አንቲባዮቲክ፣ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) ካነሰ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ፣ ሦስቱም ካነሱ ደም መስጠት። ታካሚው ከሳምንታት በኋላ ብሶበት ይመለሳል። ያን ጊዜ መልሱን ይናገር የነበረው ደም በሌላ ሰው ደም ተቀላቅሏል፣ መቅኔውን ደግሞ ፕሬድኒሶሎን ሸፍኖታል።

ይህ መመሪያ ከሸዋ ሮቢት እስከ መሐል ሜዳ በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ለሚሠሩ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች ነው። ስለ አዋቂ ታካሚ ነው የተጻፈው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፤ እያንዳንዱ ደረጃ የሚቀጥለውን ያቀላል።

## ከመጀመራችሁ በፊት የሚዘጋጅ

- ባለ ሐምራዊ ክዳን (ኤዲቲኤ) ቲዩብ 2፣ ባለ ሰማያዊ ክዳን (ሲትሬት) 1፣ ባለ ቀይ ክዳን 1
- ንጹሕ ስላይድ ቢያንስ 4፣ ስም መጻፊያ እርሳስ (እስክሪብቶ በሜታኖል ይጠፋል)
- ራይት ወይም ጂምሳ ቀለም፣ ፒኤች 6.8 የሆነ ቡፈር፣ ለሬቲኩሎሳይት (ከመቅኔ ገና የወጣ ለጋ ቀይ ሴል) ኒው ሜቲሊን ብሉ
- የኤችአይቪና የወባ ፈጣን መመርመሪያ፤ የካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ) ፈጣን መመርመሪያ አርኬ39 ከተገኘ
- የታካሚው የድሮ ሲቢሲ

የመጨረሻው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከሁሉም በላይ ግን የሚረዳው እሱ ነው። አስታማሚው የያዘውን ፌስታል ጠረጴዛ ላይ አስገልብጡት። የአምና ውጤት፣ የተጣጠፈ አልትራሳውንድ፣ ግማሹ ያለቀ የክኒን ፓኬት ከውስጡ ይወጣል። ከሦስት ዓመት በፊትም ነጭ ሴሉ 3,200 የነበረ ጤነኛ ሰውና ባለፈው ወር 7,000 ኖሮት ዛሬ 3,200 የገባ ሰው አንድ አይደሉም።

## ደረጃ 1፦ መጀመሪያ አደጋውን ለዩ

መንስኤ ከመፈለጋችሁ በፊት እነዚህን አራት ነገሮች እዩ። አንዱም ካለ ምርመራውና ሕክምናው ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

1. ትኩሳትና ዝቅተኛ ኒውትሮፊል (ባክቴሪያን የሚከላከለው ነጭ ሴል)። የኒውትሮፊልን ትክክለኛ ቁጥር አስሉ፤ ጠቅላላ ነጭ ሴል ሲባዛ በኒውትሮፊል መቶኛ ሲካፈል ለ100። ነጭ ሴሉ 2,100፣ ኒውትሮፊሉ 20% ከሆነ 420 ነው። ከ500 በታች ሆኖ ሙቀቱ አንድ ጊዜ 38.3 ከደረሰ ወይም ለአንድ ሰዓት 38.0 ላይ ከቆየ፣ የመጀመሪያው የደም ሥር አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሰጥ። ካልቸር ካላችሁ በፊት ቅዱ፤ ከሌላችሁ አትጠብቁ። ሴፍፒም 2 ግራም ይመረጣል፤ ከሌለ ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም ከጄንታማይሲን ጋር ሰጥታችሁ ሪፈር ጻፉ።
2. ፕላትሌት ከ10,000 በታች፣ ወይም በማንኛውም ቁጥር የሚደማ ታካሚ። ትኩሳት ካለ 20,000ም ያሰጋል። ድንገተኛ ራስ ምታት ወይም የንቃት መቀነስ ካለ ጭንቅላት ውስጥ መድማትን አስቡ።
3. ሄሞግሎቢን ከ7 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሆኖ ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም የልብ ድካም ምልክት ካለ።
4. በነፍሰ ጡር ላይ ፕላትሌት ከ100,000 በታች፣ በተለይ የደም ግፊቷ ከፍ ካለ። የጉበት ኢንዛይም ወዲያው ላኩ፤ ሄልፕ ሲንድሮም (በእርግዝና ቀይ ሴል የሚፈነዳበት፣ ጉበት የሚጎዳበትና ፕላትሌት የሚወርድበት ሕመም) ከሆነ ሲቢሲ እየደጋገሙ ማደር እናትየዋን ያሳጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፕላትሌቱ ከ50,000 በታች ለሆነ ሰው የጡንቻ መርፌ አትውጉ። በየቦታው እንደ ውሃ የሚሰጠው የዳይክሎፌናክ መርፌ እዚህ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ጡንቻውን በደም ያሳብጣል፣ ያሉትን ፕላትሌቶችም ያደነዝዛል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ስጡ።

ደም ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ሐምራዊና አንድ ቀይ ቲዩብ ቅዱ፣ አራት ስላይድም አዘጋጁ። ከሁለት ከረጢት ደም በኋላ ኤምሲቪው (የቀይ ሴሉ አማካይ መጠን) የለጋሹ ነው፣ የቢ12 እና የፎሌት መጠኑም አይታመንም። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው። እሷን ለመቆጠብ ሲባል ብዙ ታካሚ ለወራት ያለ ምርመራ ውጤት ይንከራተታል።

## ደረጃ 2፦ ቁጥሩ እውነት መሆኑን አረጋግጡ

አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ማሽኑ የሰጡትን ይቆጥራል፤ የተበላሸ ናሙና ሰጥታችሁት የታካሚውን ደም እንዲነግራችሁ አትጠብቁ።

አቀዳዱን አስተካክሉ። ጉሉኮስ ከተተከለበት ክንድ አትቅዱ፤ ሦስቱም ሴሎች አንድ ላይ ዝቅ ብለው ይወጣሉ፣ ውጤቱም መቅኔ የደረቀ ያስመስላል። ቲዩቡን ምልክቱ ድረስ ሙሉት። በሲሪንጅ ከቀዳችሁ መርፌውን አውጥታችሁ ወዲያው ወደ ቲዩቡ ጨምሩ፤ ሲሪንጁን ትሪ ላይ አስቀምጦ ሌላ ሰው ማየት የረጋ ደም ያመጣል። ከዚያ ቲዩቡን ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ገልብጡ። አትነቅንቁት፤ ቀይ ሴሉ ይፈነዳል።

የረጋ ደም ፈልጉ። ፕላትሌት ባነሰ ቁጥር ክዳኑን ከፍታችሁ በእንጨት አፕሊኬተር ቲዩቡን አማስሉ። ክር የመሰለ ነገር እንጨቱ ላይ ከተንጠለጠለ ውጤቱን ጣሉትና እንደገና ቅዱ። ግማሽ የረጋ ናሙና ላይ ተመሥርቶ ለዓመታት «የፕላትሌት በሽተኛ» ተብሎ የሚኖር ሰው አለ።

ሰዓቱን እዩ። ሲቢሲ በክፍል ሙቀት በ6 ሰዓት ውስጥ ይሠራ፤ ለስላይድ የሚሆነው ደም ደግሞ በ2 ሰዓት ውስጥ ይቀባ። ከጤና ጣቢያ በአምቡላንስ ወይም በሰው እጅ የሚላክ ናሙና ቆላ መንገድ ላይ ከሰነበተ ቀይ ሴሉ ያብጣል፣ ኤምሲቪውም ያለምክንያት ይወጣል። ሩቅ ከሆናችሁ ስላይዱን እዚያው ቀብታችሁ አድርቃችሁ ላኩ።

የቁጥሮቹን ስምምነት ፈትሹ። ሄሞግሎቢን ሲባዛ በ3 ሄማቶክሪትን (ቀይ ሴል ከደሙ የያዘውን መቶኛ) መምሰል አለበት፤ ልዩነቱ ከ3 ካለፈ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ብርዱን አትርሱ። በደብረ ብርሃን የጥቅምትና የኅዳር ጠዋት ማሞቂያ በሌለው ላብራቶሪ ውስጥ ናሙናው ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አግሉቲኒን (በብርድ ቀይ ሴሎችን የሚያጣብቅ ፀረ አካል) ያለበት ታካሚ ከሆነ ቀይ ሴሎቹ ይጣበቃሉ፤ ማሽኑ ጥምሩን እንደ አንድ ትልቅ ሴል ይቆጥረዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የቀይ ሴል ቁጥር እጅግ ያንሳል፣ ኤምሲቪ ይሰቀላል፣ ኤምሲኤችሲ (በቀይ ሴል ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን ክምችት) ከ37 ያልፋል፣ ሄሞግሎቢኑ ግን ከቀይ ሴሉ ጋር አይጣጣምም። ቲዩቡን በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አሙቁና ሳይቀዘቅዝ መልሳችሁ አስኬዱት። ቁጥሩ ከተስተካከለ ችግሩን አገኛችሁት፤ ታካሚው ለምን አግሉቲኒን እንዳለው ግን በኋላ ይጠየቃል።

የፕላትሌት መሰባሰብን አስወግዱ። አንዳንድ ሰው ደም ኤዲቲኤ ሲነካው ፕላትሌቶቹ ቲዩቡ ውስጥ ይሰባሰባሉ፤ ሰውየው ምንም አልሆነም፣ አይደማም፣ ወረቀቱ ግን 30,000 ይላል። የስላይዱን ጫፍ በ10x እዩ፤ ጥምሮቹ ያሉት እዚያ ነው። ካያችሁ በሰማያዊው ሲትሬት ቲዩብ ቅዱና የወጣውን ቁጥር በ1.1 አባዙ፤ ሲትሬቱ ደሙን ስለሚያቀጥነው ነው። በሲትሬትም ከተሰባሰበ ከጣት ጫፍ በቀጥታ ስላይድ ላይ ቀብታችሁ በእጅ ቁጠሩ።

## ደረጃ 3፦ ሄሞግሎቢኑን ከከፍታው ጋር አስማሙ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህን ደረጃ መዝለል ማለት የደጋውን ደም ማነስ ጨርሶ አለማየት ነው። ከፍታ ሄሞግሎቢንን ያወጣል፤ ስለዚህ ከተገኘው ቁጥር ላይ እየቀነሳችሁ ከመነሻው ጋር ታወዳድራላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 (እ.ኤ.አ) ባወጣው መመሪያ መሠረት የሚቀነሰው፦

- ከ1000 እስከ 1499 ሜትር (ሸዋ ሮቢት)፦ 0.8
- ከ1500 እስከ 1999 ሜትር፦ 1.1
- ከ2000 እስከ 2499 ሜትር፦ 1.4
- ከ2500 እስከ 2999 ሜትር (ደብረ ብርሃን)፦ 1.8
- ከ3000 እስከ 3499 ሜትር (መሐል ሜዳ)፦ 2.1

መነሻው ለወንድ 13.0፣ ላልፀነሰች ሴት 12.0፣ ለነፍሰ ጡር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሦስት ወር 11.0፣ በመካከለኛው 10.5 ነው። መሐል ሜዳ የምትኖር ሴት 13.2 ካላት ወረቀቱ ላይ ቀስት የለም። 2.1 ሲቀነስ ግን 11.1 ነው፤ ደም ማነስ አለባት።

የምትቀንሱት ታካሚው ለሚኖርበት ከፍታ እንጂ ሆስፒታሉ ላለበት አይደለም። ትናንት ከቆላ የመጣ ሰው ደብረ ብርሃን ስለተመረመረ 1.8 አይቀነስለትም። ለደም መስጠት ውሳኔ ደግሞ ቅነሳውን ተዉት፤ እዚያ ላይ የሚወስነው ታካሚው ራሱ ነው።

ለነጭ ሴልም አንድ ማስተካከያ አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከተወለዱ ጀምሮ ኒውትሮፊላቸው ከመጻሕፍቱ መነሻ ዝቅ ያለ ነው፤ ደፊ አንቲጂን የተባለው ምልክት ቀይ ሴል ላይ ካለመኖሩ ጋር የተያያዘ ነው፣ ለኢንፌክሽን አያጋልጥም። ጤነኛ ሰው 1,000 እስከ 1,500 ኒውትሮፊል ካለው፣ ሄሞግሎቢኑና ፕላትሌቱ ደህና ከሆኑ፣ አፉ ካልቆሰለና ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ከሌለው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድገሙና ያው ከሆነ ተዉት። መድኃኒት አትጀምሩለት።

## ደረጃ 4፦ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ፤ «ሌላ ሕመም አለብዎት?» የሚለው ጥያቄ ምንም አያወጣም።

1. ባለፉት ሦስት ወራት የዋጡት፣ የተወጉት ምንድን ነው? ዚዶቩዲን ደም ማነስና ዝቅተኛ ኒውትሮፊል ያመጣል። ኮትሪሞክሳዞል፣ ካርባማዜፒን፣ ቫልፕሮይክ አሲድ፣ ሜቶትሬክሴት፣ ለእንቅርት የሚሰጡት ፕሮፒልታዮዩራሲልና ካርቢማዞል፣ ክሎራምፌኒኮል፣ ለመድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ፣ ዲፓይሮን። «መድኃኒት አልወስድም» ያለ ሰው ከሱቅ የገዛውን አይቆጥርም፤ የባህል መድኃኒትንም በስሙ ጠይቁ። የቢ ኮምፕሌክስ መርፌ ተወግቶ እንደሆነም መዝግቡ፤ ቢ12 ስላለበት የደም ምርመራውን ያሳስታል።
2. የት ሠርተው መጡ? ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወይም ሁመራ የከረመ ወጣት ላይ ካላዛር እስኪወገድ ድረስ ቀዳሚው ጥርጣሬ ነው። ከአፋር ከመጣ ወባና ደንጊ። የሸዋ ሮቢትና የአጣዬ ቆላ ነዋሪ ከሆነ ወባ።
3. ምን ይበላሉ፣ ከመቼ ጀምሮ? ጾምን በጥንቃቄ ጠይቁ። ጉበት የሚያከማቸው ቢ12 ለዓመታት ይበቃል፤ ስለዚህ የ55 ቀን ሁዳዴ ብቻውን ቢ12 አያሟጥጥም። በፍስክ ወቅትም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማያገኝ፣ ወይም ዓመቱን ሙሉ የሚጾም መናኝ ግን ሊያልቅበት ይችላል። የቆየ የጨጓራ ሕመም፣ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና፣ ለዓመታት የተወሰደ ሜትፎርሚንና ኦሜፕራዞልም መንገዱን ይዘጋሉ።
4. ጠበል ሰንብተዋል? ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ሌላ ጠበል የከረመ ሰው የኤችአይቪ ወይም የቲቢ መድኃኒቱን አቋርጦ ሊሆን ይችላል። ጥያቄውን እንደ ወቀሳ ካቀረባችሁት እውነቱን አታገኙም።
5. አረቄ ስንት ቀን በሳምንት? ብቻውን ፕላትሌት ያወርዳል፣ ኤምሲቪ ይሰቅላል። ካቆመ ፕላትሌቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመለሳል፤ ይህ ራሱ ምርመራ ነው።
6. ደም ከየት ይወጣል? የወር አበባ ብዛት፣ ጥቁር ሰገራ፣ ኪንታሮት።

## ደረጃ 5፦ አካሉን እዩ

ጣፊያን ከቀኝ የታችኛው ሆድ ጀምራችሁ ወደ ግራ ጎድን እየወጣችሁ ዳስሱ። በቀጥታ ከግራ ጎድን ሥር የጀመረ ሰው ትልቁን ጣፊያ ያልፈዋል፤ እጁ ያረፈው ጣፊያው ላይ ነውና ጠርዙን አያገኘውም። እምብርት የደረሰ ጣፊያና ሦስቱም የደም ሴሎች ማነስ አንድ ላይ ካሉ ካላዛር፣ ከቢልሃርዝያ ወይም ከጉበት የመጣ የፖርታል ግፊት፣ ሊምፎማ፣ ሥር የሰደደ ሉኪሚያ የሚሉትን ያዙ። ጣፊያው ካልተዳሰሰ ደግሞ ቢ12፣ መድኃኒት፣ የመቅኔ መድረቅና አጣዳፊ ሉኪሚያ ወደፊት ይመጣሉ።

ቀጥላችሁ ድድ፣ ምላስ (የለሰለሰና የቀላ ቢ12ን ይጠቁማል)፣ ዕጢ፣ ቢጫነት፣ በቅልጥም ላይ ያሉ ቀያይ ነጠብጣቦችን እዩ። በልብስ ስፌት ውስጥ ቅማል ፈልጉ፤ ተመላላሽ ትኩሳትን የሚያስተላልፈው እሱ ነው።

ስለ እግር አንድ ነገር። ጓያ በሚበላበት አካባቢ እግሩ የሚገታ፣ እንደ መቀስ የሚራመድ ሰው ሲመጣ ሁሉንም በጓያ ማሳበብ ይቀናል። በጓያ የተጎዳ ሰው እግሩ ቢገታም ስሜቱ ደህና ነው። በቢ12 የተጎዳው ግን ንዝረትና የጣቱን አቀማመጥ አያውቅም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሲቆም ይንገዳገዳል። የ128 ኸርዝ ማስተካከያ ሹካ አውራ ጣቱ ላይ አኑሩ። ጓያ የደም ሴል አያሳንስም፤ ሁለቱ አብረው ከታዩ ቢ12ን አትልቀቁት።

## ደረጃ 6፦ ስላይዱን ቀቡና አንብቡ

የደም ጠብታው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። መቅቢያውን ስላይድ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ ባንድ ትንፋሽ ግፉት። የደም ማነሱ ከባድ ከሆነ ደሙ ቀጭን ስለሚሆን ማዕዘኑን ጨምሩና በፍጥነት ግፉ። ወዲያው አድርቁት። በብርድና በእርጥበት ቀስ ብሎ የደረቀ፣ ወይም ውሃ በገባበት ሜታኖል የታጠበ ስላይድ ቀይ ሴሎቹ መሃል የሚያብረቀርቅ ቀለበት ያሳያል፤ ያን በሽታ ነው ብላችሁ አትጻፉ። ሜታኖሉን ቀይሩ።

ፕላትሌት በእጅ ለመገመት ቀይ ሴሎች ሳይደራረቡ በሚነካኩበት ቦታ በ100x ዘይት 10 መስኮች ቁጠሩ፣ አማካዩን በ15,000 አባዙ። በየመስኩ 4 ካገኛችሁ 60,000 ያህል ነው። ከማሽኑ ጋር በእጅጉ ከተለያየ ስላይዱን እመኑ።

ከዚያ እነዚህን ፈልጉ፦

- ብላስት (ያልበሰለ የደም ሴል)፦ ትልቅ ኒውክሊየስ፣ ትንሽ ሳይቶፕላዝም፣ ጎልቶ የሚታይ ኒውክሊዮለስ። ሌላውን ሁሉ አቁማችሁ ወደ ደረጃ 9 እለፉ።
- የተቆራረጠ ቀይ ሴል ከፕላትሌት ማነስ ጋር፦ የዚያኑ ቀን ሪፈር ነው። ፕላትሌት መስጠት ሊያባብስ ይችላል፤ ከሚቀበለው ሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ አትስጡ።
- ብዙ ክፍል ያለው ኒውትሮፊል፦ ከመቶው 5ቱ ባለ አምስት ክፍል፣ ወይም አንድ እንኳ ባለ ስድስት ክፍል ከተገኘ፣ ትልልቅ ሞላላ ቀይ ሴሎችም ካሉ ቢ12 ወይም ፎሌት ነው።
- የእንባ ቅርጽ ያለውና ኒውክሊየስ ያልጣለ ቀይ ሴል፦ መቅኔው በሌላ ነገር ተይዟል።
- ወባና ቦሬሊያ (የተመላላሽ ትኩሳት ተሕዋሲ)፦ ወፍራም ስላይድም ቀቡ። ትኩሳት፣ ነስር፣ ትንሽ ቢጫነትና የፕላትሌት ማነስ ያለበት፣ በተጨናነቀ ቦታ የሚኖር ሰው ላይ ተመላላሽ ትኩሳትን ያስቡ ዘንድ ለላብራቶሪው ንገሩ። ደሙ የሚቀዳው ትኩሳቱ በተነሣበት ሰዓት ነው፤ ሲበርድ ተሕዋሲው ከደም ይሰወራል።

ትኩሳትና ዝቅተኛ ነጭ ሴል የታየበት ሁሉ «ዊዳል ፖዘቲቭ» እየተባለ ወደ ቤቱ መሄዱ ሊቆም ይገባዋል። ዊዳል ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም፣ ሦስቱ ሴሎች ያነሱበትን ምክንያትም አይነግራችሁም።

## ደረጃ 7፦ ሬቲኩሎሳይት ቁጠሩ

ጥያቄው አንድ ነው፤ መቅኔው አላመረተም ወይስ የተመረተው እየጠፋ ነው? እኩል ጠብታ ደምና ኒው ሜቲሊን ብሉ ቀላቅላችሁ በ37 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ አቆዩ፣ ቀቡ፣ ከ1000 ቀይ ሴል ስንቱ ጥልፍ እንዳለው ቁጠሩ።

የወጣውን መቶኛ በሄማቶክሪት አባዙና ለ45 አካፍሉ። ከዚያ ሄማቶክሪቱ 35 አካባቢ ከሆነ ለ1.5፣ 25 ከሆነ ለ2፣ 15 ከሆነ ለ2.5 አካፍሉ። ምሳሌ፦ ሬቲኩሎሳይት 4%፣ ሄማቶክሪት 18። 4 ሲባዛ በ18 ሲካፈል ለ45፣ 1.6 ይሆናል፤ ለ2.5 ሲካፈል 0.6 ነው። 4% ከፍ ያለ ይመስል ነበር፤ መቅኔው ግን እየሠራ አይደለም። ከ2 በታች የምርት ችግር ነው፤ ከ3 በላይ መድማት ወይም የቀይ ሴል መፈንዳት ነው። በመሃል ያለው ከሌላው መረጃ ጋር ይታያል።

## ደረጃ 8፦ እንደ አነሰው ሴል ወደ መንስኤው ሂዱ

ለማንኛውም ዓይነት ማነስ የኤችአይቪ ምርመራ ይደረግ፤ ሳይደረግ ወደ ሌላ አይታለፍ።

### ቀይ ሴል ብቻ ሲያንስ

ኤምሲቪ ከ80 በታች ከሆነ አይረን ነው ብላችሁ ጀምሩ። ፌሪቲን (የተከማቸ አይረን መለኪያ) ከ15 በታች ያረጋግጣል፤ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ባለበት ከ70 በታችም አይረን ማነስን አያስቀርም። ከአራት ሳምንት ሕክምና በኋላ ሄሞግሎቢኑ በ2 ገደማ ካልጨመረ ወይ ክኒኑ አልተዋጠም፣ ወይ መድማቱ አልቆመም፣ ወይ ምርመራው ተሳስቷል። ወንድ ወይም ያረጠች ሴት ከሆነች ደሙ የሚሄድበትን ቦታ ፈልጉ፤ በቆላው መንጠቆ ትልን፣ በሁሉም ቦታ የጨጓራ ቁስለትንና የአንጀት ዕጢን።

ከ80 እስከ 100 ባለው ውስጥ ኩላሊት፣ ቲቢ፣ ሥር የሰደደ ሕመም። ሬቲኩሎሳይቱ ከፍ ካለና ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ኩምብስ (ቀይ ሴል ላይ የተጣበቀ ፀረ አካል የሚያሳይ ምርመራ) አሠሩ። ለቫይቫክስ ወባ የ14 ቀን ፕሪማኩዊን ጀምሮ ሽንቱ የጠቆረ ታካሚ ካለ መድኃኒቱን ወዲያው አቁሙ፤ የጂ6ፒዲ (ቀይ ሴልን የሚጠብቅ ኢንዛይም) ማነስ ነው።

### ነጭ ሴል ብቻ ሲያንስ

የተጠረጠረውን መድኃኒት አቁሙ፣ ከቫይረስ ሕመም ከሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሙ። የእንቅርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉሮሮው ከታመመና ትኩሳት ካለው ሲቢሲው እስኪወጣ ድረስ ክኒኑን አይዋጥ።

### ፕላትሌት ብቻ ሲያንስ

ሰውየው ጤነኛ ከሆነ፣ ጣፊያው ካልተዳሰሰ፣ ስላይዱ ላይ ከፕላትሌት ማነስ በቀር ምንም ካልተገኘ፣ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ሲ ከሌለበት አይቲፒ (ሰውነት የራሱን ፕላትሌት የሚያጠፋበት በሽታ) ይባላል። ከእነዚህ አንዱ ሳይሟላ ፕሬድኒሶሎን አይጀመር። ከ30,000 በላይ ሆኖ የማይደማ ታካሚ ብዙ ጊዜ ክትትል ይበቃዋል።

### ሁለት ወይም ሦስቱም ሲያንሱ

የአይረን ማነስ ብቻውን ነጭ ሴልና ፕላትሌት አያሳንስም፤ አይረን ሰጥቶ «እስኪ እንየው» ማለት ጊዜ ማባከን ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ቢ12። ኤምሲቪ ከ110 በላይ፣ ብዙ ክፍል ያለው ኒውትሮፊል፣ ኤልዲኤች (ሴል ሲፈርስ የሚወጣ ኢንዛይም) እጅግ የተሰቀለ። ትንሽ ቢጫነት ስላለው የቀይ ሴል መፈንዳት ይመስላል፤ ሬቲኩሎሳይቱ ዝቅ ማለቱ ይለየዋል። አይረንም አብሮ ካነሰ ኤምሲቪ 90 ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ስለዚህ በኤምሲቪ ብቻ አትጣሉት።
2. ኤችአይቪ፣ ከእሱም ጋር የተስፋፋ ቲቢ።
3. ካላዛር። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ትልቅ ጣፊያ፣ መክሳትና የጉዞ ታሪክ ካለ አርኬ39 አሠሩ። ቀድሞ የታከመ ሰው ላይ ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሆኖ ስለሚቆይ ማገርሸትን በእሱ አትወስኑ። ኔጋቲቭ መሆኑም ብቻውን አያስቀርም። ጣፊያን በመርፌ መውጋት ፕላትሌት ከ40,000 በታች ከሆነ ክልክል ነው።
4. ጉበትና ጣፊያ። አልትራሳውንድ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ።
5. መድኃኒት።
6. ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ መቅኔ።

### የቢ12 የሙከራ ሕክምና

የቢ12 መጠን መለካት ካልተቻለ ስላይዱና ታሪኩ የሚገጥምለት፣ ብላስት የሌለው ታካሚ ሕክምናውን ይጀምር። ሃይድሮክሶኮባላሚን 1000 ማይክሮግራም በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሁለት ሳምንት፤ የነርቭ ምልክት ካለ መሻሻሉ እስኪቆም ድረስ በየሁለት ቀኑ። ፕላትሌቱ ዝቅ ካለ ከቆዳ ሥር ወግታችሁ ቦታውን 10 ደቂቃ ተጫኑ። ፎሊክ አሲድ ብቻውን አትስጡ፤ ደሙን አስተካክሎ ነርቩን ያባብሳል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፖታሲየም ሊወርድ ስለሚችል ተከታተሉ። ደም መስጠት ግድ ከሆነ አንድ ከረጢት በ4 ሰዓት፣ ከፉሮሲማይድ 20 ሚሊ ግራም ጋር፤ የእነዚህ ታካሚዎች ልብ ማነሱን ለምዶት ስለኖረ ፈጣን ደም ያሰጥመዋል።

በ5ኛውና በ8ኛው ቀን መካከል ሬቲኩሎሳይት ቁጠሩ። ከተሰቀለ ምርመራችሁ ትክክል ነበር። ነጭ ሴልና ፕላትሌት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ ሄሞግሎቢን በሁለት ወር ገደማ ይስተካከላል። በ8ኛው ቀን ሬቲኩሎሳይቱ ካልተነቃነቀ ሌላ መርፌ አትጨምሩ፤ ወደ መቅኔ ላኩ።

## ደረጃ 9፦ ለመቅኔ ምርመራ መላክ

የሚላከው ብላስት የታየበት፣ ሁለት ወይም ሦስት ሴል ያለምክንያት ያነሰበት፣ የእንባ ቅርጽ ሴል ያለበት፣ ወይም ለሕክምናው መልስ ያልሰጠ ሰው ነው። በደብረ ብርሃን ያለውን አገልግሎት አስቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ፤ ሉኪሚያ ከተጠረጠረ መድረሻው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ነው፣ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር።

ከመላካችሁ በፊት ፕሬድኒሶሎንም ዴክሳሜታሶንም አትስጡ። አንዳንድ ሉኪሚያና ሊምፎማ በጥቂት ቀን ስቴሮይድ ይሸሸጋል፤ ታካሚው ለሳምንታት ይሻለዋል፣ መቅኔው ምንም አያሳይም፣ ከዚያ ይመለስበታል።

ኒውትሮፊሉ ከ500 በታች ሆኖ ትኩሳት ያለበት ሰው የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ሳይወስድ አይነሣ። ፕላትሌቱ ከ20,000 በታች ከሆነ በአምቡላንስ፣ ከነርስ ጋር። ያልተቀለሙ፣ የደረቁ ሁለት ስላይዶችን በወረቀት ጠቅልላችሁ አስይዙት፤ ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጡ።

ሪፈር ወረቀቱ ላይ «ፓንሳይቶፔኒያ (የሦስቱም ሴሎች ማነስ)፣ ለተሻለ ምርመራ» ብሎ መተው ተቀባዩን ከዜሮ ያስጀምረዋል። እነዚህን ጻፉ፦

- ሲቢሲው ከነቀኑ፣ የድሮዎቹም ጭምር፤ ኦርጅናሉን አያይዙ
- ናሙናው ደም ከመሰጠቱ በፊት ወይም በኋላ መቀዳቱን፣ ስንት ከረጢት እንደተሰጠ
- በስላይዱ የታየውንና ያልታየውን
- የሬቲኩሎሳይት ስሌቱን
- የጣፊያውን መጠን በሴንቲ ሜትር
- የኤችአይቪ፣ የወባና የአርኬ39 ውጤት
- የተሰጠ መድኃኒት ሁሉ፣ የተጀመረበት ቀንና ሰዓት
- የሚኖርበት ወረዳና ቀበሌ፣ ባለፈው ዓመት የሠራባቸው ቦታዎች
- የአስታማሚው ስልክ